ግፊቷ ደህና ነው

ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት፣ የጥቅምት ማለዳ፣
ውርጭ አንጥፎበታል የግቢውን ሜዳ።
ጣቴ ከጠመኔው በላይ ደርቆ ደንዝዞ፣
ክፍል እገባለሁ ካፖርቴ ውርጭ ይዞ።

እጄን አሳያለሁ፦ «ይኸው ነጣ ጣቴ፣
ደሙ ቆዳ ትቶ ገብቷል ወደ ቤቴ፣
ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ጉበቴ።
ሲቸግረው ሥጋ እንደ ደጋ ገበሬ ነው፣
ደጁን አስረክቦ ጓዳ የሚያድነው።»

ይስቃሉ ሁሉም። የሸዋ ሮቢቱ፣
ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ባና ከጉልበቱ፣
አይስቅም፤ ጡንቻው ሥራ ይዟልና፣
በመንቀጥቀጥ እሳት ያነድዳል ገና።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ደብረ ብርሃን፣ ይህን ሳስተምር፤
ሳንባ ከዚህ ስስ አየር ምን እንደሚበደር፣
ኩላሊት በቀን ውስጥ ስንት እንደሚያጣራ፣
ጨው በሩን ሲከፍት ነርቭ እንዴት እንደሚጣራ፣
ከበሬሳ ዳርቻ የተያዘ እንቁራሪት
እግሩ ሞቶ እንኳ ሲዘል በመብራት።
(መብራት በሄደ ቀን
እኔው ዘልዬላቸዋለሁ።)

ሐኪሙ፣ አዋላጁ፣ ነርሱ፣ ፋርማሲስቱ፣
በእኔ በኩል ነው ያለፈው ስንቱ።
እኔ ግን ሕመምተኛ ነክቼ አላውቅም።
እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ነው፤ ደም አይደለም።

አንድ ትምህርት ነበር፣ ከሁሉ የምወደው።
ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰምራለሁ፣
አንዱን ግፊት፣ አንዱን የልብ ምት እላለሁ።
ደም ሲፈስ፣ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣
ምቱ ግን ከሥሩ ዳገት ይወጣል፣
እንደ ጣርማ በር መንገድ፣ በጭጋግ፣ ሳይታይ፣
እየተጠማዘዘ፣ ላይ፣ አሁንም ላይ።
«ማካካሻ» እላለሁ። ድምፄ ይሞቃል ያኔ።
ደም የማይፈስበት ውበት ነበር ለእኔ።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የአዋላጆች ክፍል፣
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ እጅ ብቅ ሲል፣
ምንታምር ናት፤ ዝምተኛዋ የመሐል ሜዳ ልጅ፤
ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም እንጅ።

«መምህር» አለች፣
«እናቴ ወንድሜን በወለደች ሌሊት
ነርሷ መሣሪያውን ክንዷ ላይ አሰረች።
‹ግፊቷ ደህና ነው› አለችን። ደህና ነበር።
ፍራሹ ግን ከሥር ይርስ ነበር።
‹ደህና ነው› አለችን፣ ሁለቴ።
በሦስተኛው፣ ግፊት የሚባል አልነበረም።
ያ መስመር፣ ያ ከሥር የሚወጣው፣
ማን ነበር የሚቆጥረው?»

ክፍሉ ጸጥ።
ከጠባሴ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ።
ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ ልበል? አልተሰበረም።
እንደያዝኩት ቆሜ ሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያን ቀን ሥዕል አላስቀድም፤
ጥንድ ጥንድ ይቀመጣሉ፤ ወሬ አይፈቀድም።
«አንጓውን ፈልጉ፣ በሦስት ጣት ያዙ፣
ግማሽ ቆጥራችሁ በሁለት አታብዙ።
አውራ ጣት ትቅር፤ የራሷ ምት አላት፣
የሰው አስመስላ ልትነግራችሁ ናት።
ግፊት ኩሩ ነው፤ ጾሙን አድሮ ‹በልቻለሁ› ይላል፤
ምቱን ግን ጠይቁት፤ እሱ ይርበተበታል።»

«ማካካሻ» ስል ድምፄ አይሞቅም አሁን።

ባለፈው ነሐሴ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ስልክ፤
ከጓሳ ማዶ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ፣
ድምፁ እየተቆራረጠ፦
«መምህር፣ ምንታምር ነኝ...
መቶ ሠላሳ ሁለት... ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ...
ግፊቷ ደህና ነው፣ እኔ ግን አላመንኩትም...
አምቡላንሱ መንገድ ላይ... ጭቃው...»

ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም።
ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣
ሦስት ጣቴ የገዛ አንጓዬን ይዞ፣
ቆምኩ፤ ሰው ባይኖርም የምቆጥርለት፣
ሙሉ ደቂቃ፣
በሁለት ሳላበዛ።