እርማት

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፥ ሊፈርስ ባለው ቤት፥
የአክስቴን ግድግዳ ስልጥ ዋልሁ ቅዳሜ ለት።
ጋዜጣ ነው ልብሱ፥ በዱቄት ሙጫ የታተመ፥
አንዱ ዓመት ባንዱ ላይ ደርብ በደርብ የተጋደመ፤
የስኳር ዋጋ፥ የሹመት ዜና፥ የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ፥
ከዚያ ሥር ግጥሙ አለ፥ ከትራሷ መደገፊያ።

ነሐሴ ሃምሳ ሰባት።
«ከደሴ የተላከልን፤ ጸሐፊው ስሙን ያልገለጸ።»
አርታዒው በአንዲት ቃል ሴቲቱን ወንድ አርጎ ቀረጸ።

አክስቴ ጦይባ ይማም የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤
ማታ ማታ ተረኛ፥ ገመድ ስትሰካ ታነጋለች፤
ወልዲያን ከኮምቦልቻ፥ ባቲን ከሐይቅ ስታጋባ፥
እሷን ፈልጎ የደወለ የለም፥ «ሀሎ፥ አንቺ ጦይባ!»
እናም አንድ ሌሊት፥ መስመሩ ሁሉ ሲያንቀላፋ፥
ጉሙ ከተራራው ወርዶ የመብራቱን ዓይን ሲያጠፋ፥
ጻፈችው በእርሳስ፥ በቴሌግራም ቅጽ ጀርባ ላይ፥
ደወል የሰማች ይመስል ከገደሉ በላይ፦

ጦሳ ጠራኝ።

አዲስ አበባ ሲደርስ ግን፥ ፊደል ለቃሚው ምን እንደነካው፥
«ራ» አልቆበት ይሁን ከሣጥኑ፥ ወይ የሌሊት ሥራ ሲያታክተው፥
አይታወቅም፤ እጁ «ላ»ን አንሥቶ ከመሐል ሰካው።

ጦሳ ጠላኝ።

እዚህ ግድግዳው ላይ «ላ»ዋ በቀይ ብዕር ተሠርዛ፥
ከአናቷ «ራ» ቁጭ ብላለች፥ ትንሽ ጎብጣ፥ ትንሽ ደንዝዛ።

ግጥም አንዴ ከወጣ በቅሎ አይደል፥ ማስታወቂያ አይመልሰው፤
በዓመቱ ሌላ ጋዜጣ ሁለት ስንኝ ቆርጦ አሳነሰው፤
ርእስም ሰጠው፥ «የባይተዋር እሮሮ»፥ ሳይጠይቅ አንድም ሰው።

ከዚያ ስድሳ ስድስት።
ከራያ፥ ከየጁ፥ ከቆላው ሁሉ ሰው ሲፈስ፥
መጠለያው ደጃፍ ላይ የተሰፈረው እህል ሳይደርስ፥
ግጥሙ ዳግም ታተመ፥ በፊት ገጽ፥ ባለ ጥቁር ክፈፍ፤
አንባቢው ቆርጦ ያዘው፤ ከኪስ ገባ፥ ከመጽሐፍ።
የአንድ ለቃሚ ስሕተት የአንድ አገር ልቅሶ ሆነ፤
«ስሕተት ነው» ያለ የለም። ሁሉም አነበበ፥ አመነ።

ኋላም፥ በሌላ ዘመን፥ ክራቫት ያሰረ አንድ መምህር
በመጽሔት ከነፎቶው ወጣ፥ «የልጅነት ሥራዬ» ሲል ሊመሰክር።
«‹ጠላኝ› እንዴት እንደመጣልኝ!» ብሎ በሰፊው ሲያብራራ፥
አክስቴ ምስር ትለቅም ነበር፤ ጠጠሩን በጥፍሯ ስታጠራ፥
«‹ላ›ዋ የሱ ትሁን» አለች፤ «እኔ ጋ አለች ‹ራ›።»

እንግዲህ ሲመሽ ሁለቱን ቅጂ
ጣውላ ላይ ዘረጋሁ፥ ጎን ለጎን።
የሃምሳ ሰባቱ ታርሟል።
የስድሳ ስድስቱን
በባትሪ ደጋግሜ አየሁ፤ ቀይ የለባት፥ እርሳስም የለባት፤
«ላ»ዋ እንደ ታተመች ናት፥ ማንም እጁን ሳያሳርፍባት።
ያን ዓመት በሌሊት ተራዋ፥ ከቆቦ፥ ከመርሳ ሲደወል፥
ሽቦው ምን እንዳመጣላት ለእኔ አልነገረችኝም በቃል።

ሰኞ ዶዘሩ ይመጣል።
ከጭቃው አልላቀቅ ያለ አንድ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል፤
የበቅሎዋ ማስታወቂያ ነው።
«ቀለሟ ዳማ፥ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፤
ላገኘ ወሮታ አለው።
በስሟ ሲጠሯት ትመጣለች።»