የዘይቱን ቅጠል ውሃ

ከጤና ኬላችን ጀርባ፣ ከውሃ በርሜሉ ጥግ፣
አንዲት ዘይቱን አለች፣ ማንም ያልተከላት፣
የሌሊት ወፍ በልቶ፣ በርሮ የጣላት።
ግንዷ እንደ እባብ ቆዳ በየዓመቱ ይላጣል፣
ከሥሩ ሌላ ግንድ ለስልሶ ይወጣል።
ፍሬዋ የበሰለ ሰሞን ሽታው በር አልፎ ይዘልቃል፤
ካርድ ሳያወጣ፣ ከሕመምተኛ ጋር ወረፋ ይይዛል።

እኔ ነርስ ነኝ እዚህ፣ በሳማር ደሴት ላይ፤
እናቴ ኤፒፋንያ ነርስ አይደለችም ወይ?
ዲፕሎማ የላትም፤ ያላት ድስት ብቻ ነው፣
ጆሮው በሽቦ የታሰረ፣ ጥላሸት የወረሰው።

በዚያ ድስት መንደሩ ስንት ጊዜ ድኗል!
ተቅማጥ ያጣደፈው ሕፃን የለጋ ቀንበጡን ውሃ ከነምሬቱ ተግቷል፤
ድዱ ያበጠ ዓሣ አጥማጅ ቅጠሉን ሲያኝክ አድሯል፤
አራስ በእንፋሎቱ ወገቧን አሙቃለች፤
«ሬሳ ብታጥቢበት ይነሣል» እያለች ጎረቤት ቀልዳለች።

ወንዶቹም በሚያዝያ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣
በሰልፍ ይወርዱ ነበር ከወንዙ ዳር ጋ፤
ቅጠሉን ያኝካሉ፣ እንባ እንዳይታይባቸው፣
ምላጩ እንዳለፈ
እንትፍ ይሉታል በገዛ ቁስላቸው።
ወንድሜ ሩፊኖ ሽበት አውጥቶ እንኳ ያን ቀን አይረሳም፤
የዘይቱን ማርማላታ በወርቅ ሰሃን ብታቀርቡለት አይቀምስም።

ኮሌጅ ጨርሼ ስመጣ፣ በነጭ ጫማዬ ኮርቼ፣
«እማ፣ ስንት ግራም ነው? በስንት ሰዓት ልዩነት?» አልኳት ድስቷን አይቼ።
«እፍኝ» አለች፣ «ውሃው ቀልቶ ሻይ እስኪመስል፤
ከዚያ ወዲያ ቁስሉ ራሱ ይነግርሻል፣ በቃኝ ሲል።»
ሳቅሁባት።
በሰው ፊት ነበር የሳቅሁባት።

ከዚያ የአባቴ እግር።

ኮራል ነው የጫረው፣ ከታንኳው ሲወርድ፤
የጥፍር ታህል ጭረት፣ ለዓይን የማትከብድ።
ስኳር እንዳለበት ማን ያውቃል? እኔ እንኳ፣ ልጁ፣
የሰው ስኳር ስለካ የምውለው፣
አንድ ቀን ጣቱን አልወጋሁም ከደጁ።

እናቴ አፈላች። ጠዋት አጠበችው፤ ማታ አጠበችው፤
በሦስተኛው ሳምንት ጣቱ ሲጠቁር አየችው።
ቅጠል ጨመረች እንጂ አልነገረችኝ፤
ያን ነጭ ጫማዬን ፈርታ ደበቀችኝ።

ሐኪሞች ቆረጡት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ።
መንደሩ ወደብ ወጣ፣
ክሪስፒን በአንድ እግሩ ከጀልባ ሲወርድ ሊያይ።
እኔ ቤት ቀድሜ ድስቷን አነሣሁ፣
ከባሕር ልወረውር እስከ ደጅ ደረስሁ።
ከእጄ ቀማችኝ።
አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ውሃ ሞላችና ጣደች።

ቅጠል የሞተ ሥጋ አያስነሣም፤
ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ከእንግዲህ አትረሳም።
የሚችለውን ይችላል፤ የማይችለውን አይችልም፤
ሰውም እንዲያው ነው፤ መርፌዬም ከዚህ አያልፍም።

አሁን በየማታው፣ ጀምበር ባሕሩን ስትነካ፣
በክርኗ ጠልቃ የውሃውን ሙቀት ለክታ፣
ጤነኛውን እግር ታጥበዋለች፤ የቀረውን።
ጣት ከጣት ፈልቅቃ ታያለች፣ እንዳስተማርኳት፤
በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለች፣ እንዳስተማርኳት፤
ቅጠሉን ግን አላስተማርኳትም። እሱ የራሷ ነው።

ትናንት ለጉብኝት ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩኝ፣
መዝገቤን በብብቴ ይዤ።
«ሞቀህ?» አለችው።
«ሞቀኝ» አላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ያ እግር ሙቀት ካልተሰማው ሁለት ዓመቱ ነው።
በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ አለ።
ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።