ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ወንዙ ዳር የቆመው ሃያ ሁለት ፎቅ፣ ትናንት እኩለ ሌሊት
ደረቱን አመመው፤
አሥራ ዘጠነኛው ላይ አንድ የማሞቂያ ቧንቧ
ችሎ፣ ችሎ፣ ችሎ
ተተረተረ።

ውሃም ቁልቁል ሄደ፤
ደወል ሳይደውል፣ የበር ቁጥር ሳያይ፣
ሳይለይ ባለቤት ከተከራይ፣
በመብራቱ ቀዳዳ፣ በግድግዳው ስንጥቅ፤
ስድስት ዓመት ሊፍት ውስጥ ጫማቸውን ሲያዩ የኖሩትን
በአንድ ሌሊት፣ በፒጃማ፣
አስተዋወቀ።

እኔ ጠዋት ደረስኩ፤
ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የእርጥበት መለኪያ፣
ካሜራ፣ ሜትር፣ የመድን ውሉ ቅጂ።
ሊፍቱ ቆሟል። ውሃው በወረደበት እኔ ሽቅብ።

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፤ ማሪቴስ፣ ነርስ፣
ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ቁጭ ብላለች።
«ፍራሹ አዲስ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ፤
ደረሰኙ ግን ፍራሹ ሥር ነበር» አለች።
ሳቅን። መጀመሪያ ያቆመችው እሷ ናት።
ጻፍኩ፦ ፍራሽ፣ አንድ። ምንጣፍ፣ አሥራ አራት ካሬ።
ቅጹ ላይ ስለ እንቅልፍ መጻፊያ ቦታ የለም።

አሥራ አምስተኛ፤ በመስከረም የገዛ ወጣት፣
ዕዳው ገና ሃያ አምስት ዓመት።
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤
ዛሬ ታለበችለት፣ ያውም በራሱ ላይ።
ተቀናሹ ስንት እንደሆነ ነገርኩት።
ዓረቦኑን በጣቱ ቆጠረ፤ ጣት አነሰው።

አሥራ ሰባተኛ።
ኦረስት ሃሊችኮ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
በሩን የከፈተልኝ ከረባት አስሮ ነው፤
ለመድን ሰው።

ቀና አልኩ። የትናንቱ እርጥበት ግራጫ ነው፣ ያብለጨልጫል።
ከሥሩ ሌላ አለ፤ ቡናማ፣
ቀለበት በቀለበት፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ።
ቆጠርኩ፤ ሰባት።

መለኪያውን አስጠጋሁ፤ ጮኸ።
እርጥብ ነው ይላል እንጂ ከመቼ ጀምሮ አይልም።
አንቀጽ ዘጠኝ ግን ይላል፦
ድንገት የደረሰ ይካሳል፤
ቀስ በቀስ የሰረገ አይካስም።

«ይኼን ያውቁት ነበር?»
«አውቀው ነበር» አለ።
«ናዲያ እዚህ ነበር የተኛችው።
ሠራተኛ ብጠራ መዶሻ ነው፣ አቧራ ነው።
ሳህን ደቀንኩ።
ጠብታውን ስትቆጥር ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።»

ፎቶውን ትንሽ ወደ ግራ ባነሳው፣
አሮጌው በአዲሱ ይዋጣል። ማን ያየዋል?
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
ርኅራኄም እንደዚያው።
ውሉ እጄ ላይ ነው፤
ውሉ ግን ጠፋኝ።

ካሜራዬን አዘነበልኩ። አየኝ።
ከረባቱን አስተካከለ።
«ድንገት አትበለው» አለ፤
«ድንገት አልነበረም። ሰባት ዓመት ነው።
በእያንዳንዱ ጠብታ እዚህ ነበርኩ።»

ጻፍኩ። ወለሉ፦ ድንገት።
ቁምሳጥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሴት ካፖርት፣ አንድ፦ ድንገት።
ኮርኒሱ ላይ ስደርስ
ብርድ የዋለበት ብዕሬ እምቢ አለ፤
ያን ቃል ሁለቴ ጻፍኩት።
ፈረመ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤
እኔ የምከፈለው ለማፈሱ ነው፣
በካሬ ሜትር፣ በደረሰኝ፣ በእርጅና ቅናሽ፤
ከጣቴ መሃል የሚያመልጠውን
የሚመዘግብ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል፤
አላገኘሁትም።

ስወርድ ምድር ቤት ፓምፑ ያጉረመርማል።
ውጭ፣ ቱቦው አፍ ላይ፣
የነርሷ ውሃ፣ የባለዕዳው ውሃ፣ የኦረስት ውሃ
አንድ ላይ በረዶ ሆኖ ቆሟል፤
ፎቁ አይለይም።

መኪናዬን አስነሳሁ፤
እጆቼን ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ።
መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው።
ሙቀቱ
ቀስ በቀስ መጣ።