ማንሣት

ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ዳገት ላይ
አውቶቡስ ነዳሁኝ ተራራውን ሳላይ።
ዐይኔ ከመስታወት፣ እግሬ ከፍሬን ጋራ፤
ቀርሜሎስ ለእኔ ኩርባ እንጂ ተራራ
አልነበረም ከቶ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛው፣
ቀጥሎ ኢስፍያ፣ ቀጥሎ የዳልያው
ፌርማታ፤ ከዚያ ቁልቁል፣ ባሕሩን በጎን ጥዬ
ሐይፋ እገባለሁ፣ ሰዓቴን ጠብቄ፣ ዝም ብዬ።

ጡረታ ስወጣ ልጄ አቪታል
«አባባ» አለችኝ፣ «ቤት መዋል ያማል።»
ካሜራ ገዝታ፣ ኮርሱንም ከፍላ
ሐሙስ ከሰዓት ከፓርኩ በር ጥላኝ
ሄደች፤ እንደ ዕቃ።

ዘጠኝ ነን፦ ፋርማሲስቱ ናሆም፣
ሌንሱ ክንድ የሚያህል፣ ምላሱ የማይደክም፤
ሁለት እኅትማማች ከኪርያት ሞጽኪን
ሳንድዊች የቋጠሩ ለሰባት ቀን፤
መለዮውን ገና ትናንት ያወለቀ
አንድ ልጅ፣ ከሁላችን የራቀ፤
ሌሎቹን ዘነጋሁ። አስተማሪያችን ኦርና
ድንጋይ ላይ ወጣችና
«ብርሃን አይባረርም» አለች፣
«ይጠበቃል እንጂ»፤ ተቀመጠች።

መጠበቅ! ለእኔ! ደቂቃ ባለፈው
ቁጥር ስሙ መዝገብ ላይ ለሚሰፍረው!
ቀኝ እግሬ ሳላዘው ቅጠል ይረግጥ ነበር፣
ነዳጅ የሚሰጥ መስሎት፣ መንገድ የሚጀምር።

መጸው ነው ይሉታል። የዚህ አገር መጸው
ሜዳውን በአደይ ቀለም አያለብሰው፤
ደረቅ ነው፣ አቧራ ነው፣ ጥም ነው የሚሸተው።
ብቻ ከድንጋይ መሀል፣ ቅጠል ሳይኖረው፣
አንድ ዘንግ ይወጣል፣ ነጭ አበባ ለብሶ፣
ዝናቡን ሳይጠብቅ፣ ዝናቡን ቀድሞ ደርሶ።
«ሐጻቭ» አለች ኦርና። ሾፌር ነው አልኩ እኔ፣
ከሰዓቱ በፊት የቆመ ወገኔ።

«አሁን! ተራራውን!» አለች በዕብራይስጥ።
እኔ ግን ቃል ሁሉ ወዳማርኛ ሲገለበጥ
ነው የሚገባኝ፤ ባማርኛ ደግሞ ፎቶ
ይነሣል። ተራራ ማን ያነሣል፣ ጉልበቱ በርትቶ?
እኔ ያነሣሁት ሰው ነው፦ ተማሪ አነሣሁ፣
ነርስ አነሣሁ፣ ሰካራም አነሣሁ፣
ከየፌርማታው፣ ከየብርዱ፣ ከየጨለማው፤
ሁሉንም አወረድኩ፣ ጃንጥላውን እንኳ ሳይረሳው።

ጎህ ሳይቀድ ሁልጊዜ፣ ከዳልያ መግቢያ፣
ሲት ነጂባ ነበረች። ለሐይፋ ገበያ
የወይን ቅጠል በዘንቢል፣ ነጭ ሻሿን አጣፍታ፣
ሳንቲሙን በመዳፏ አሙቃ፣ ቆጥራ፣ አዘጋጅታ።
በአረብኛ ትጠይቀኛለች፣ ባማርኛ እመልሳለሁ፤
በገባትና ባልገባት መሀል ስትስቅ እሰማለሁ።

አንድ ሰኞ ቀረች። በር ከፍቼ ጠበቅኋት
ሁለት ደቂቃ ሙሉ። መንገደኛው ጮኸ። ተውኳት።
ማክሰኞም የለችም። ረቡዕም።
ሾፌርን ማን ያረዳል?
በሩን ዘግቶ ይነዳል።

ብርሃኑ መጣ። ዳገቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቀላ፤
ስምንት ካሜራ ባንዴ ተንጣጣ፣ ሽምብራ እንደሚቆላ።
እኔ ዞርኩ። ከታች፣ ከጥዱ ሥር፣ መንገዱ ሲታጠፍ
ፌርማታው ይታያል፤ አግዳሚው ባዶ፣ ጥላው በሰያፍ
ተጋድሟል። ትንፋሼን ዋጥኩ።
አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ።

ኦርና ምስሉን አጎላች፣ አሳነሰች፣
«ተራራው የታለ? ሰውስ የለም እኮ» አለች።
«አነሣኋት» አልኩኝ፣ ሳላስበው፣ ባማርኛ።
ሳቀች፣ በገባትና ባልገባት መሀል። እኛ
ሁለታችን ብርሃኑ እስኪያልቅ ቆምን።
ከታች አንድ አውቶቡስ አለፈ። አልቆመም።