ጋ እና ካ

አንድ ከተማ ነች፤ ስሟ ግን ሁለት፣
ፊደል መዝዞ ነው ድንበር የሰነጠቃት።
በሰሜን በኩል «ቫልጋ»፣ በደቡብ «ቫልካ»፣
የኢስቶኒያ በ«ጋ»፣ የላትቪያ በ«ካ»፤
መካከሏ ደግሞ አንዲት ቀጭን ወንዝ፣
በ«ጋ»ም በ«ካ»ም ቢጠሯት የማትታዘዝ።
እኔ ለአንድ ክረምት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
ተከራይቼ ነበር፤ ሁለቱንም የማይ።

ኤንዴል ከወዲህ ነው፤ የባቡር ጡረተኛ፣
ከሰው ይልቅ ካካፋው የሚያወራ ዝምተኛ።
ስካይድሪቴ ከማዶ፤ የቆብ፣ የሹራብ ሠሪ፣
ሬዲዮዋ በመስኮት የዓለም ወሬ ነጋሪ።
ሽቦው ከተነሣ ዓመታት ሆኖታል፤
የኤንዴል ድመት ማዶ ይበላል፣ ወዲህ ይተኛል።

ሠላሳ ርምጃ ነው በራፍ ከበራፍ፣
ግን «ዳቦ» ለማለት ይለያያል አፍ፤
እሱ «ሌይብ» ይለዋል፣ እሷ ደግሞ «ማይዜ»፣
ጥቁሩ ዳቦ ግን ጥቁር ነው ሁልጊዜ።
እናቱን ሲያነሣ «ኤማ» አለ ኤንዴል፣
ከኔ አፍ የወጣ መስሎኝ ዞር አልሁኝ፣ «ማን?» ስል።
የሱ ቋንቋ ወንዱን ከሴት አይለይም፣
የኔው «እንዴት አደርህ»ን እንኳ ያለ ጾታ አይልም።
«አዎን» ሲሉ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ፤
«ይሄ የኛ ነው» ስንል፣ እነሱም «የኛ» ይላሉ።

ጧት ጧት ወሬ ይመጣል በሁለት ጋዜጣ፤
አንዱ ጦርነት ነው፣ ሁለት መልክ አወጣ፤
እሱ ጋ በፊት ገጽ፣ ሟች በመቶ ሲቆጠር፣
እሷ ጋ ገጽ ሰባት፣ ከሶፋ ማስታወቂያ ሥር።
ካርታም አብሮ አለ፣ ቀስት ያለበት፣ ቀይ፤
ቀስቱ ያረፈው ማን ጓዳ እንደሆነ ላይናገር፣ ላያሳይ።
እኔም አስተያየት አለኝ፣ ማንም ባይጠይቀኝ፦
ዜና ማለት ለኔ፣ የሩቅ ሰው ቤት ነድዶ እኔን ሲያሞቀኝ፣
እጄን ዘርግቼ፣ «አይ ዓለም!» ብዬ፣
ሻይ መድገም ነው። ይኸው ነው ሙያዬ።

ሦስተኛ ቋንቋ አለ፤ ሁለቱም ያውቁታል፣
በልጅነት በግድ ገብቶ፣ ሳይወጣ ቀርቷል፤
ሩሲያኛ። እንደ ድሮ እስር ቤት ቁልፍ ነው፣
ማንም አይጥለውም፣ ማንም አያወጣው።
ስለዚህ ባንገት ነው፣ በእጅ፣ በቅንድብ፣
ዓመታት የኖሩት፣ ያለ አንዳች ጠብ።
(ምናልባት ሰላም ይህ ነው፤ ለመጣላት እንኳ ቃል ማጣት።
ምናልባትም አይደለም። አላውቅም።)

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ ውርጩ ዛፍ ሲሰነጥቅ፣
የኤንዴል ጭስ ማውጫ ፍም ሲተፋ፣ ሲያፈልቅ፣
እሱ እንቅልፍ ላይ ነው፤ እሷ ግን ዜና ስትሰማ፣
ስለ ሩቅ አገር እሳት፣ ስለ ነደደ ከተማ፣
መስኮቷ ቀላ።

«ደግ! ደግ!» ብላ ጮኸች፤ በሷ አፍ «ይነዳል» ነው፤
እኔ ጆሮ ሲደርስ ግን ፍቺው ሌላ ነው፤
በቤት ጫማ በረዶ ላይ ስትሮጥ አይቼ፣
«አዎ፣ ደግ» አልሁኝ፣ ትርጉሙን ትቼ።

ኤንዴል አልገባውም። ወይ አልሰማም።
ያን ጊዜ ነው እሷ ያንን የዛገ ቁልፍ፣
ካንጀቷ መዝዛ የከፈተች አፍ፦
«ፓዣር!»
አንድ ቃል። በሩ ተከፈተ።
ሰውዬው ወጣ፣ ድመቱን ታቅፎ፣ ያንድ እግር ጫማ አጥልቆ።

በማግስቱ ጋዜጦቹን ገለጥሁ፣ የወዲህም የወዲያም፤
የነደደው ጣሪያ፣ የቀላው መስኮት፣ አንዱም ላይ የለም።
ዜና ለመሆን ያንሳል፤ ሰው አልሞተማ።
(ድመቱም ደኅና ነው።)

ጣሪያው እስኪጠገን ኤንዴል ማዶ ከረመ፤
ቁልፉም ቦታው ተሰቀለ፤ ማንም አልደገመ።
ሬዲዮው ያወራል፣ እነሱ ዳቦ ይቆርሳሉ፤
የመንገዱ ሰሌዳዎች ዛሬም «ጋ» እና «ካ» ይላሉ።
እኔ ግን በቋንቋዬ «ጋ» ምን እንደሆነ ስለማውቅ፣
ፖስተኛው ደብዳቤ ይዞ «ኤንዴልስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣
ጣቴን ወደ ማዶ ቀስሬ፣
«እሷ ጋ» እላለሁ።
አይገባውም።
ግን ይሄዳል።