ተመላሽ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ደሴ ፖስታ ቤት፣
ከብረት መስኮቱ ኋላ ተጎልቼ፣
የሰውን ደብዳቤ ማኅተም መትቼ፣
ሰደድኩ ባሕር ማዶ፤ እኔ እዚያው አርጅቼ።

አንድ ክረምት፣ ከከረጢት፣ ከረጠቡት መሐል፣
አንድ ፖስታ መጣ ከወደ ፖርቱጋል።
የተቀባዩን ስም ዝናብ አጥቦት ኖሮ
"ለ" ብቻ ተርፎታል።
የላኪውም አድራሻ ከውኃው አልዳነም፤
ሊሄድም አይችልም፣ ሊመለስም አይችልም።
ቴምብሩ ግን ድኗል፦
ነጭ የመብራት ማማ ከቋጥኝ ጫፍ ቆሞ፣
ሰማያዊ ባሕር ከእግሩ ሥር ተጋድሞ።
እኔ የማውቀው ሐይቅን፣ ማዶው የሚታየውን፤
ማን አይቶ ይንገረኝ ማዶ የሌለውን?

ደንቡ "ተመላሽ" ነው፤ በቀይ ይጻፍበታል፤
ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያም ይቃጠላል።
ቀለሙን ነክሬ እጄ እምቢ ቢለኝ፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሳልከፍተው፣
ከመሳቢያው ሆኖ አብሮኝ አረጀልኝ።

ጡረታዬ ወጣ። ዕቁቡም ደረሰኝ።
ፓስፖርት የሚሉትን ቀጭን ደብተር ሰጡኝ፤
ገጹ ሁሉ ባዶ፣ ማኅተም ያልነካው፤
እኔን መሰለኝና ቶሎ ከደንኩት ሳየው።

የሽኝቴ ማታ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣
ዘምዘም መረቀችኝ እጇ ተዘርግቶ፦
"አብሽሪ የኔ ዓለም፣
ጨርቅ ይሁን መንገድሽ፣
ደግ ደጉን ያግጥምሽ።"
"ብቻሽን?" አለ አንዱ። "ብቻሽን?" አለች አንዷ።
ስቄ "አዎ" አልኩና ሮጥኩኝ ወደ ጓዳ፤
እንባዬን በበርበሬው አመካኘሁ።

ሲነጋ፣ በይመር ታክሲ፣ ሐረጎን ወረድን፤
ጭጋግ፣ ጭጋግ ብቻ፤ መንገዱን በጆሮ ሄድን።
ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ፣ ከብረት ወንበር ላይ፣
ቦርሳዬን አቅፌ አንጋጠጥኩ ወደ ሰማይ።
ድምፁን ሰማነው፤ ከላያችን ዞረ፤
ሳያርፍ፣ እንደ ጭልፊት፣ አንዣቦ በረረ።
"የዛሬው ተሰርዟል። ነገ ኑ" አሉን።

ነገ! ትናንት የተሸኘ ዛሬ ምን ብሎ ይገባል?
የወጣው ምርቃትስ ወዴት ይመለሳል?
"ቧንቧ ውኃ ሳንደርስ አውርደኝ" አልኩት፤
ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት፤
በጓሮ በር ገባሁ፣ የገዛ ቤቴን ሌባ።
መጋረጃ ዘጋሁ። መብራት አላበራሁም።
በሶ በጠበጥኩኝ፣ ማንኪያው እንዳይሰማ።

በጨርቁ ክፍተት ነው ያን ቀን ያየሁት፣
ስረግጠው የኖርኩትን፣ ቀና ብዬ ያላየሁት፦
ጎማ ጠጋኙ እያፏጨ ውኃ ውስጥ ቀዳዳ ይፈልጋል፤
አንድ ባጃጅ ዶሮ ጭኖ ከሰው ጋር ይጣላል፤
ጦሳ ጭጋጉን ሲያወልቅ፣ አንገቱ ሲገለጥ፣
ስሙን ያልነገሩኝ ተራራ መሰለኝ፣ ባዕድ አገር ውስጥ።

ወዲያው የዘምዘም ድምፅ፣ ከደጇ፣ ከፍ ብሎ፦
"ይሄኔ ባሕሩ ላይ ናት! ያ አላህ፣ ምን ታይ ይሆን?"
ሳቄን በጋቢ አፈንኩት።

ሲመሽም ፍርሃቴ አልሄደም፤ ከጎኔ ቁጭ አለ፣
ጫማውን ሳያወልቅ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ "እስቲ ልረፍ" እያለ።
ደብዳቤውን አወጣሁ። ጨለማ ውስጥ ዳሰስኩት።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያኖርኩት?

በማግስቱ ሌሊት፣ ሸኚም መራቂም ሳይኖር፣
ሻንጣዬን አንሥቼ ስከፍት የጓሮውን በር፣
ከደፉ ላይ ሳህን፤ በፎጣ ተሸፍኖ፤
ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ከነትኩሱ ሆኖ።
ቀና ብዬ አየሁ፦ የዘምዘም መስኮት በርቷል፤
ከመጋረጃው ኋላ ጥላዋ ቆሟል።
ምንም አላለችኝም። ምንም አላልኳትም።
(ሳውቃት ጀምሮ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም።)

ሐረጎን ስንወርድ ጭጋጉ ስስ ነበር።
ይመር "ዛሬስ?" አለኝ። "እኔ እንጃ" አልኩት።
አንዱን እንቁላል ላጥኩ፤ ለሁለት ተካፈልነው።
ሌላውን፣ ለባሕሩ ዳር፣ በመሐረብ ቋጠርኩት።