ሁለተኛው ዓይን

ከጦሳ ሥር፣ ደሴ፣ ጉም በወረደበት፣
ንጋቷ ትሥላለች በጠባብ ኪራይ ቤት፤
ግድግዳው ላይ ሸራ፣ በጭኗ ላይ ታብሌት።

«ለጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ለክፉ ሰው አንዱን»
ብለው ነው ያስያዟት አባቷ ብሩሹን።

ጋሽ ደምሴ ግን ትናንት ኪራይ ጨመሩባት፤
ዛሬ መጥተው ደግሞ «እስቲ ሣዪኝ» አሏት፤
«ለልጄ የሚላክ ይሁን በቴሌግራም፣
ጋቢዬን አትርሺ፣ ጥርሴን ግን ግዴለም።»

ሣለች ሙሉ ጋቢ፣ ጢም፣ አፍንጫ፣ ግንባር፤
ፊታቸውን አዙራ፣ ባንድ ዓይን እንዲቀር።

ሳቀች። በሐሳቧ ድንገት በዶፍ መጡ፣
አባቷን አዝለው ሐኪም ቤት ሲሮጡ።

ሸራ ቢሆን ኖሮ በደረቀ ነበር፤
ጣቷ ሻረው።

ሁለተኛውን ዓይን ስትኩል — ድርግም፤
መብራቱም፣ ባትሪውም።

ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሷ ፊት፣ በጎን፤
አንድ ዓይን።